ፊደል በከለርና በኮላ ወይስ በገበታ?

የጠባሴ አባት፦ ሰላም የግሩፑ ሰዎች። እዚህ ደብረ ብርሃን ልጄ የሚማርበት አጸደ ሕፃናት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። ከእንግዲህ የፊደል ክፍለ ጊዜ ግማሹ በሥዕል፣ በመቁረጥና በማጣበቅ ይሆናል አሉን። “በ” ለበግ፣ “ተ” ለተራራ እያሉ። ከለር፣ መቀስና ኮላ ግዙም ተባልን። ለአምስት ዓመት ልጅ ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ልጅ ማዋያ? እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ፊት ቁጭ ብዬ ነው። እስቲ ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጅ ማዋያ ነው እንጂ! ልጁ በግ ሲስል ይውላል። ማታ “ምን ተማርክ?” ስትለው “በግ” ይልሃል። በግማ የመንዝ ልጅ መች አጣ?

የዜሮ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ አሳቁኝ። ግን ግማሹ እውነት አለው። በግ ስሎ ቀለም መቀባት ብቻውን ፊደል አያስተምርም። ችግሩ ሥዕሉ ሳይሆን አሠራሩ ነው። እኔ መጀመሪያ ወረቀት አላወጣም። በግ፣ በሶ፣ በቅሎ፣ በርበሬ እላለሁ። “ሁሉም በምን ጀመሩ?” ብዬ እጠይቃለሁ። መሐል ላይ “ዶሮ” ብዬ አስገባለሁ፣ ልጆቹ “አይደለም!” ብለው ይጮሃሉ። ጆሯቸው ድምፁን ከለየ በኋላ ነው ካርቶን ላይ በትልቁ “በ”ን የምጽፈው። የበግ ጠጉር የሚያጣብቁት ፊደሉ ላይ ነው፣ የበግ ሥዕል ላይ አይደለም። እያጣበቁ “በ” ይላሉ። ጣታቸው የፊደሉን ቅርጽ ይሄድበታል። ኮላ መግዛትም ግድ አይደለም፣ ዱቄት በውሃ አፍልቶ ማጣበቂያ መሥራት ይቻላል።

ከአንኮበር፦ የቄስ ትምህርት ቤቱን ግን ዝም ብሎ የሚያስጮህ አታድርጉት። ሕፃኑ ገበታውን በስንጥር እየጠቆመ ነበር የሚያነበው። እጁም ዓይኑም ይሠራል። “ሀ ሁ ሂ”ን እንደ ዘፈን ሸምድዶ መሐል ላይ አንዱን ሲጠይቁት የሚጠፋበት ልጅ እንዳለም የኔታ ያውቃሉ። አቡጊዳ ለምን መጣ? “አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ” ሲባል ተራው ይፈርሳል፣ ድምፁም በየፊደሉ ይለዋወጣል። ያኔ ፊደሉን የለየና የሸመደደ ይታወቃሉ። ይሄ ያለ መቀስና ያለ ከለር ነው።

የዜሮ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ሲና፦ አቡጊዳን እኔም እወዳለሁ። ግን እሱ ፈተና ነው፣ ለጀማሪ ልጅ መግቢያ አይሆንም።

የሸዋ ሮቢት እናት፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁጥሩ ነው። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ እንደ “ቧ” ያሉት ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለእያንዳንዱ ጠጉርና ገብስ ስናጣብቅ ልጁ ሚዜ ሊሆን ነው! ደግሞ ፀሐይ ሲስል የትኛውን “ፀ” ነው የምታሳዩት? “ጸ”ም አለ እኮ።

የዜሮ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ሲና፦ 231ዱን ማን አጣብቆ ይጨርሳል! እናቱ ፊደል ላይ፣ ማለትም እንደ “በ” ባለው የመጀመሪያው ላይ ነው የምንቆየው። ከዚያ በግ፣ ቡና፣ ቢላዋ፣ ባቄላ፣ ቤት፣ ብርድ ልብስ፣ ቦርሳ እንላለን። ሰባቱም እዚያ ውስጥ አሉ። ልጆቹ “በ”ን በጭቃ ይሠራሉ። ወገቡ ላይ ትንሽ ጭቃ ሲቀጥሉ “ቡ”፣ ከእግሩ ግርጌ ሲቀጥሉ “ቢ”፣ እዚያው ቀለበት ሲያደርጉ “ቤ” ይሆናል። ቅርጹ ሲለወጥ ድምፁም እንደሚለወጥ በእጃቸው ያዩታል። ይሄ ለ“ለ”ም ለ“ሰ”ም ይሠራል። “ረ” እና “ፈ” ላይ ግን መንገዱ ይጣመማል፣ እነሱን በገበታ ነው የምይዛቸው። ፀሐይን በተመለከተ እውነትዎን ነው። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ለመጀመሪያ ድምፅ ትምህርት አልመርጥም። “ፀ”ና “ጸ”፣ “ሀ”ና “ሐ” ቆይተው ይምጡ።

ከመሐል ሜዳ፦ እሺ፣ ጭቃውስ ይሁን። ልጅ በልጅ ላይ የሆነበት ክፍል ውስጥ አንድ መምህር መቀስ አድሎ ማንን ይጠብቃል?

የዜሮ ክፍል መምህርት፣ ደብረ ሲና፦ እዚያ ላይ መልስ የለኝም፣ ጋሼ። እኔ መቀስ አላድልም፣ ራሴ ቆርጬ ነው የምገባው። በቡድን እከፍላቸዋለሁ፤ ግማሹ ጭቃ ሲይዝ ግማሹ ገበታ ያነባል። እንዲያም ሆኖ ረዳት የሌላት መምህርት ትቸገራለች።

ከአንኮበር፦ እንግዲህ ወላጅ መጠየቅ ያለበት ይሄን ነው። ከለር ግዙ ከመባሉ በፊት ረዳት አለ ወይ?

የጠባሴ አባት፦ በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ እጠይቃለሁ። ለከለሩ የተጠየቅነውን ብር ግን እስካሁን አልከፈልኩም። የከፈላችሁ አላችሁ?

የሸዋ ሮቢት እናት፦ እኛን ያስከፈለን የለም። ካርቶንና ባቄላ አምጡ ብቻ ነው ያሉን።

ከመሐል ሜዳ፦ የበግ ጠጉር የሚፈልግ ይንገረኝ፣ በመኪና እልካለሁ። ገበታውን ግን ከግድግዳ እንዳያወርዱት።