የተቀበሩ መስመሮች ካርታ ላይ አልገጥም አሉን፤ ከየት እንጀምር?

የሳይት መሐንዲስ፦
ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እያሠራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ስካቫተራችን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ የውኃ ቧንቧ በጠሰ፤ በእጃችን የነበረው ፕላን ግን ቧንቧውን ከመንገዱ ማዶ ነበር የሚያሳየው። የሰፈሩ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ይዘው እስከ ቦዩ ጠርዝ እየመጡ ሲጠይቁን መልስ አጣን። አሁን የውኃ፣ የመብራትና የቴሌ መስመሮችን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ሰብስበን፣ ቆፋሪ ሁሉ አስቀድሞ አሳውቆ የቦታውን ካርታ የሚያገኝበትን አሠራር ልንጀምር አስበናል። ፕላኖቹን ስንደራርባቸው ግን አይገጥሙም።

ሰርቬየር፦
በስንት ሜትር እንደሚለያዩ ይለኩ። ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ሆኖ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሸሸ፣ አንዱ ፕላን አዲንዳን በሚባለው የቆየ የመለኪያ መነሻ፣ ሌላው ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ተሠርቷል ማለት ነው፤ የሁለቱም የካርታ መጋጠሚያ ቁጥሮች ዩቲኤም ዞን 37 ስለሚባሉ ብዙዎችን ያሳስታሉ፣ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል። ልዩነቱ ሁለትና ሦስት ሜትር ከሆነ ግን፣ ቧንቧው ሲቀበር አለት ወይም አጥር ገጥሞት ከዲዛይኑ ውጭ ዞሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ኮምፒውተር አያቃናውም። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደተገኘ ይመዝግቡ። አሜሪካኖች ከወረቀት ብቻ የተወሰደውን «ዲ»፣ ማንሆልና ቫልቭ ተለክቶ የተሳለውን «ሲ»፣ በመሣሪያ የተፈለገውን «ቢ»፣ ተቆፍሮ በዓይን የታየውን «ኤ» ይሉታል። ደረጃው ያልተጻፈበት ካርታ ኦፕሬተሩን ያለ ቦታው ስለሚያደፋፍረው፣ እኔ ካርታ ከሌለው ሳይት የባሰ ነው ባይ ነኝ።

መስመር ፈላጊ፦
በሰርቬየሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ከመሬት በታች ያለውን በሞገድ የሚፈልገውን ራዳር ለመከራየት ግን አይቸኩሉ። በእናንተ በኩል ያለው ጥቁር አፈር፣ ይልቁንም በክረምት ሲርስ፣ ሞገዱን ይውጠዋል። የፕላስቲክ ቧንቧም አብሮት ሽቦ ካልተቀበረ በኬብል መፈለጊያ አይገኝም፤ በአካፋ የሙከራ ጉድጓድ ማስቆፈር ይሻላል። ማሳወቁን በተመለከተ፣ በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በማሽን የሚቆፍር ሁሉ አስቀድሞ እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድዳል፤ መረጃውን የሚሰጡትም የመስመሮቹ ባለቤቶች ናቸው። እናንተም የሰው መረጃ ገልብጣችሁ ከምታስቀምጡ በየጊዜው ከባለቤቱ ብትጠይቁ ካርታው አያረጅባችሁም። ለመሆኑ የተበጠሰው ቧንቧ በአፈር ተደፍኗል?

የሳይት መሐንዲስ፦
ተጠግኗል እንጂ አልተደፈነም። ነገ ጠዋት አፈር ከመመለሱ በፊት ቶታል ስቴሽን በሚባለው የቅየሳ መሣሪያ አስለካዋለሁ፤ የካርታችን የመጀመሪያው «ኤ» እሱ ይሆናል።