ልጃችንን ለመቀበል ቦጎታ ስንጠብቅ ከተማዋን መጎብኘት ተገቢ ነው?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ በጉዲፈቻ የምናሳድጋትን የስድስት ዓመት ልጅ ለመቀበል በቅርቡ ወደ ኮሎምቢያ ዋና ከተማ ወደ ቦጎታ እንጓዛለን። ከልጃችን ጋር ከምንገናኝበት ዕለት ጥቂት ቀናት ቀድመን ስለምንደርስ በመካከሉ ምን እንደምናደርግ ስናወራ፣ እናቴ «ልጅ ልትቀበሉ ሄዳችሁ ሽርሽር ምን ይባላል?» አለችን። አነጋገሯ ከልቤ አልወጣም፤ ይሁን እንጂ ሆቴል ውስጥ ተቀምጬ ሰዓት ስቆጥር ብውል፣ ልጄ ፊት የምቀርበው በጭንቀት ዝዬ እንዳይሆን እሰጋለሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ምን ትመክሩናላችሁ? የትኛውንስ ቦታ ለብቻችን አይተን የትኛውን ከእርሷ ጋር ለማየት እናቆየው?

መልስ 1፦
እኅቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! እኛም ልጃችንን የተቀበልነው ከዚያው ከተማ ነው። እናትዎን አክብሬ የምለው፣ ይህ ሽርሽር አይደለም። ልጅዎ ነገ አድጋ «የተወለድኩበት አገር ምን ይመስላል?» ብላ ስትጠይቅ፣ በዓይኑ ያየ ወላጅ የሚሰጣት መልስ ሌላ ነው። ስለዚህ ከወርቅ ሙዚየሙ ይጀምሩ። ከስፔናውያን መምጣት በፊት የነበሩት ሕዝቦች የሠሯቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የወርቅ ሥራዎች ያሉት እዚያ ሲሆን፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በአንድ ዋሻ ውስጥ የተገኘችው ሙይስካ የተባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሠራት ትንሿ የወርቅ ታንኳ ከሁሉ ይልቅ ቀልቤን የወሰደች ናት። ሰኞ ዝግ መሆኑን አይርሱ። ከዚያ ወደ ፓሎኬማኦ ገበያ ጎራ ብለው ፍራፍሬዎቹን በስማቸው ይወቁ፤ አሂያኮ የሚሉትን፣ በዶሮ፣ በሦስት ዓይነት ድንችና በበቆሎ የሚሠራውን ሾርባም ይቅመሱ። ልጅዋ አዲስ ቤት ገብታ ምግብ እንቢ ስትል፣ የምታውቀውን ሾርባ መሥራት የምትችል እናት ማግኘቷ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ይህን በቤቴ አይቼዋለሁ።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ ሆኖም ከከተማው አትራቁ እላለሁ። አንዳንዶች በጥበቃው መካከል በአውሮፕላን ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ካርታሄና ይሄዳሉ፤ እኔ ግን የጎደለ ሰነድ አለ ወይም ሰዓቱ ተቀይሯል የሚል ስልክ በማንኛውም ጊዜ ሊደወል ስለሚችል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመለስ ከማይቻልበት ስፍራ መገኘትን አልደግፍም። ቦጎታ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ በመሆኗ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ብርዱም ዝናቡም እንግዳ አይሆንበትም፤ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ብሎ ቢራመድ ይሻለዋል። ከ3,100 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ሞንሴራቴ ተራራም በመጀመሪያው ቀን አትውጡ።

ለልጅዋ ስለሚቆየው ደግሞ፣ ከተገናኛችሁ በኋላም የፍርድ ቤቱ ውሳኔ እስኪያልቅ በአገሩ የምትቆዩባቸው ሳምንታት ስላሉ አትቸኩሉ። በገመድ መኪና ወደ ሞንሴራቴ መውጣቱን ከእርሷ ጋር ብታደርጉት ደስ ይላታል። እሑድ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ትልልቅ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት ስለሚለቀቁ፣ ቋንቋ ገና ሳይግባቡ አብሮ ለመዋል ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የመጀመሪያውን መልስ ለእናቴ አንብቤላታለሁ፤ አሁን የሾርባውን አሠራር እንድልክላት ትጠይቀኛለች። በሲፓኪራ የጨው ማዕድን ውስጥ ተፈልፍሎ ስለተሠራው ቤተ ክርስቲያንስ ምን ትላላችሁ? ላሊበላን ለሚወድ ሰው ሳያዩት መመለስ ይከብዳል።

መልስ 2፦
ከቦጎታ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ይቻላል። ነገር ግን ከመሬት በታች 180 ሜትር ገደማ የሚወርድና ጨለማ የሚበዛበት ስለሆነ፣ ገና ለማታውቃችሁ ልጅ ሊያስፈራ ይችላል። እርሱን ሳትቀበሏት በፊት ለብቻችሁ እዩት።