ዶን ዊሊያምስን የምትወዱ፣ ከየትኛው ዘፈኑ ልጀምር?

አዲስ አድማጭ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አሜሪካዊውን የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ዶን ዊሊያምስን መስማት ጀምሬ መተው አቃተኝ። አይጮህም፣ አይንጠራራም፣ ረጋ ብሎ ያወራ ነው የሚመስለው፤ ግን ልብ ውስጥ ይገባል። ከሞተ ዓመታት ቢያልፉም ሰው ስሙን የሚያነሳው በፍቅር ነው። ድሮ ጀምሮ የምታውቁት እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ የተወደደው በምንድን ነው? ዘፈኖቹንስ ራሱ ነው የጻፋቸው?

ካሴት ሰብሳቢ፦
ጥሩ ሰው ላይ ወደቅክ ወንድሜ። ዶን በ1939 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ፍሎይዳዳ የምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በ1960ዎቹ ፖዞ ሴኮ ሲንገርስ በሚባል የፎክ ቡድን ይዘፍን ነበር፤ ቡድኑ ሲበተን የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ለጃክ ክሌመንት የሙዚቃ ድርጅት ግጥምና ዜማ ይሠራ ጀመር፣ ብቻውን የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። 17 ዘፈኖቹ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነዋል። በ1978 የዓመቱ ምርጥ ወንድ ድምፃዊ ተባለ፣ በ2010 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ገባ።

ራሱም ይጽፍ ነበር፤ ስመ ጥር ያደረጉት ብዙዎቹ ግን የሌሎች ሥራዎች ናቸው። «ታልሳ ታይም»ን የጻፈው አብሮት ይጫወት የነበረው ጊታሪስት ዳኒ ፍላወርስ ነው፣ በኋላ ኤሪክ ክላፕተንም ተጫውቶታል። የዘፈን ደራሲው ቦብ ማክዲልም ብዙ ዘፈን ሰጥቶታል። እኔን የሚገርመኝ አመራረጡ ነው። አፉ ላይ የማይቀመጥ ዘፈን አይነካም ነበር።

የማታ ሬዲዮ፦
አትቆጡኝና፣ ለእኔ ሁሉም ዘፈኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ሦስት ከሰማሁ ይበቃኛል።

ባለጊታሩ፦
@የማታ ሬዲዮ፣ ፍጥነታቸው ይመሳሰላል፣ ልክ ነህ። ግን አንዱን ራስህ ለመዝፈን ሞክር። ኮርዶቹ ቀላል ናቸው፣ ማንም ጀማሪ ይይዛቸዋል፤ ችግሩ ድምፁ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ያን ያህል ወፍራም ድምፅ ይዞ ሳይገፉ፣ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ፣ ስሜቱን ሳያጋንኑ እስከ መጨረሻ መዝለቅ እጅግ ከባድ ነው። የሚያጅቡት መሣሪያዎችም ጥቂት ስለሆኑ መደበቂያ የለህም። መድረክ ላይም ያው ነበር፤ ኮፍያውን አድርጎ፣ ረጅም ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን ይዞ ይዘፍን ነበር። አለቀ። «ጄንትል ጃያንት» (ገራሙ ግዙፍ) ያሉት ሰውነቱ ግዙፍ፣ ጠባዩ ጭምት ስለነበር ነው።

ሰላማዊት፦
አፍሪካን ረሳችሁት እኮ! ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ዚምባብዌ፣ ሰው እንደ ራሱ ዘፋኝ ነው የሚያየው። በ1997 ሐራሬ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት ተቀርጿል፤ ፈልጉና ሕዝቡን እዩት። እኔ የማስበው፣ እንግሊዝኛው ግልጽ ነው፣ ጉዳዩም ትዳር፣ ፍቅር፣ የቤት ናፍቆት ነው፣ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ካሴት ሰብሳቢ፦
@ሰላማዊት፣ እውነትሽን ነው። @አዲስ አድማጭ፣ በ1975ቱ «ዩ አር ማይ ቤስት ፍሬንድ» ጀምር፣ ቀጥሎ የ1980ውን «አይ ቢሊቭ ኢን ዩ» ስማ፣ እሱ ከካንትሪ አልፎ በፖፕ አድማጮችም የተወደደ ነው። ከዚያ «ጉድ ኦል ቦይስ ላይክ ሚ»ን ግጥሙን እያነበብክ ስማው፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ2016 መድረክ ተሰናበተ፣ በሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. በ78 ዓመቱ አረፈ። ደስ የሚለኝ፣ እነ አሊሰን ክራውስና ክሪስ ስቴፕልተን የመሳሰሉ ዘፋኞች ዘፈኖቹን የተጫወቱበት የክብር አልበም የወጣው በዚያው ዓመት፣ እሱ በሕይወት እያለ መሆኑ ነው።

አዲስ አድማጭ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ሦስቱንም ዛሬውኑ እሰማለሁ፣ የሐራሬውንም እፈልገዋለሁ።