የፋርስ ምንጣፍ «ይሸመናል» ወይስ «ይቋጠራል»?

— ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጥንታዊ የፋርስ ምንጣፎች አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «በእጅ የተሸመነ» ብዬ ነበር፣ አራሚዬ «የተቋጠረ በለው» አለኝ። ለጆሮዬ አልጣመኝም። ቋጠሮ ለእኔ ነጠላ ጫፍ ላይ የሚታሰር ሳንቲም ነው፣ ወይ ቂም። ደግሞስ ስጋጃ ብለው ምን አለበት?

— ከአራሚህ ጋር ነኝ። ሸማኔ የሚያውቀው ድርና ማግ ነው፤ ሁለቱ ተጠላልፈው ጨርቅ ይወጣል፣ አለቀ። ምንጣፉ ላይ ግን ሦስተኛ ክር አለ። ሠሪዋ በተወጠረው ድር ፊት ትቀመጥና አጭር የሱፍ ክር ይዛ ሁለት የድር ክሮች ላይ ጠምጥማ ትቋጥራለች፣ ጫፉን በቢላ ቆርጣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች፣ ረድፉ ሲሞላ ደግሞ ማግ አሳልፋ በከባድ ማበጠሪያ ወደ ታች ትደቃዋለች። እግራችን የሚረግጠው የእነዚያን የተቆረጡ ክሮች ጫፍ ነው። ድሩም ማጉም ከሥር ተደብቀው ይቀራሉ። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የአርዳቢል ምንጣፍ 946 ዓመተ ሂጅራ ተጽፎበታል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1539/40። ቋጠሮው 26 ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል። እስቲ «26 ሚሊዮን ሽመና» በል! ኪሊም ከሆነ ግን፣ ማለት ድርና ማግ ብቻ ያለው ጠፍጣፋው ምንጣፍ፣ ቋጠሮ የለውም፣ እሱን ያለ ሐሳብ «የተሸመነ» በለው።

— ይቅርታ ልግባ። ፋርሶቹ ራሳቸው ለሁሉም «ባፍታን» ነው የሚሉት፤ መሸመንም፣ ሹራብ መሥራትም፣ ምንጣፍም። ምንጣፍ ሠሪ «ቃሊባፍ» ነው፣ የቀድሞው የቴህራን ከንቲባ የቤተሰብ ስም እንኳ ይኸው ነው። ባለቤቶቹ ያልለዩትን እኛ ምን አስጨነቀን?

— እነሱም ይለያሉ እኮ፣ ቋጠሮዋን ለብቻዋ «ግረህ» ይሏታል። ደግሞ በቋጠሮ ማጭበርበር አለ፤ በሁለት ድር ፈንታ አራት ድር ላይ አንዴ ቋጥሮ ማለፍ። «ጁፍቲ» ይባላል። ሥራው ይፈጥናል፣ ምንጣፉ ግን ይሳሳል፣ ቶሎም ያልቃል። ጽሑፍህ ውስጥ ይሄ ከመጣ «ተሸመነ» ብለህ ምኑን ታስረዳለህ?

ስጋጃውን ተወው። ከዓረብኛው «ሰጃዳ» የመጣ ነው፣ መስገጃ ማለት። እኛ ለሳሎኑም እንጠራበታለን፤ ፋርስ አገር ግን የሚህራብ (መስጊድ ውስጥ የስግደት አቅጣጫ የሚያመለክተው ቅስት) ሥዕል ያለበት የመስገጃ ምንጣፍ ራሱን የቻለ ዓይነት ስለሆነ አንባቢህ ይምታታበታል። «ምንጣፍ» ይበቃል። በነገራችን ላይ የእነሱ «ፋርሽ» እና የእኛ «ፍራሽ» የአንድ ዓረብኛ ሥር ልጆች ናቸው፣ ማንጠፍ ከሚለው። መሐል ላይ ያለውን ትልቅ ጌጥ ደግሞ «ቶራንጅ» ይሉታል፤ ትርንጎ ማለት ነው፣ ቃሉም ዘመዳችን ነው። እኔ ብሆን ያለ ማብራሪያ «ትርንጎው» ብዬ እጽፈው ነበር።

— ተመችቶኛል፣ «የተቋጠረ» ይሁን። «የሰነህ ቋጠሮ» እና «የቱርክ ቋጠሮ» የሚሉም አሉብኝ፣ እንዳሉ ልተዋቸው?

— እንዳሉ ከተውካቸው አገር መስለው ያሳስቱሃል። ታብሪዝ ኢራን ውስጥ ሆና የምትቋጥረው የቱርኩን ነው። ሰነህ የዛሬዋ ሳናንዳጅ ናት፣ እሷም ብትሆን በስሟ የሚጠራውን ትታ የምትሠራው ያንኑ የቱርኩን ነው! ክሩ ሁለቱንም ድር ጠምጥሞ በመሐላቸው የሚወጣውን፣ የቱርክ የሚሉትን፣ «እኩል ቋጠሮ»፣ አንዱን ብቻ ጠምጥሞ በሌላው ሥር የሚያልፈውን፣ የሰነህ የሚሉትን፣ «ጎደሎ ቋጠሮ» በላቸውና መጀመሪያ ሲመጡ አንዴ አብራራ።