እናቴን ባሕር ላሳያት ነው፤ ሞምባሳ በመጋቢት እንዴት ነው?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው ደብረ ብርሃን ነው፤ ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ባለፈው ቲቪ ላይ ማዕበል አይታ «ይሄ ውኃ ሌሊትም አይተኛም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። መጋቢት መጀመሪያ ላይ የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለኝ፤ ሞምባሳ ልወስዳት ቆርጫለሁ። ግን ደገኛ ናት፣ ሙቀቱን ትችለዋለች? ሁዳዴን አጥብቃ ነው የምትጾመው፣ ዓሣም አትነካም። ጉልበቷንም ያማታል። የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ዲያኒን የወደደች፦
እህቴ፣ ወሩን በደንብ መርጠሻል። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይብሳል። ሙቀቱ ግን ቀላል አይደለም። ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ ወበቁ ደግሞ ሌሊትም አይለቅም። ኤሲ ያለው ክፍል ያዢላቸው፤ በዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ።

እኔም እናቴን ወስጃት ነበር። የመጀመሪያ ቀን በቀጥታ ወደ ባሕሩ ሮጥን፤ ባሕሩ የለም! ሸሽቶ ሩቅ ሄዷል። እናቴ ፊቷ ወደቀ። ለካ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይሄዳል። ሙሉ ጨረቃ ሰሞን ልዩነቱ ከ3 ሜትር ያልፋል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ስለዚህ ማታ ሆቴሉን «ነገ ውኃው ስንት ሰዓት ይሞላል?» ብለሽ ጠይቂ። በማግስቱ ሞልቶ ስናገኘው እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። «እውነትም ጨው ነው» አለች፤ ደግማ ቀመሰች። ያን ፊቷን አልረሳውም።

ለጉልበታቸው ውኃው ዳር ያለው እርጥብ አሸዋ ይሻላል፤ ደረቁ እግር ይውጣል። ውኃው ሲሸሽ ግን ድንጋዩ ላይ ጃርት የመሰለ እሾሃም ነገር አለ። ጫማ ሳያደርጉ እንዳይገቡ።

የወደቡ ሰው፦
ሞምባሳ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ጾሙ አትጨነቂ። የባሕሩ ዳር ሰው የርግብ አተርን በኮኮናት ወተት ይሠራል፣ «ምባዚ» ይሉታል። ከቦምቦሊኖ የሚመሳሰል «ማሃምሪ» አብሮ ይበላል። ሊጡ ውስጥ አንዳንዱ ወተት ወይም እንቁላል ስለሚያስገባ «ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ማያይ» በይ፤ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው።

አንድ ነገር እናትሽን ያስደስታቸዋል። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው። «ሳ ሞጃ» ሲሉሽ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ትኬትና ሆቴል ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጁ ነው። እኔ ሾፌር ቀጥሬ በዚህ ተምታቶብኝ በረራ አምልጦኛል፤ ሁሌ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለሽ አረጋግጪ።

ለኬንያ ቪዛ አያስፈልግሽም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያዙ፤ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ውሰዱ። ወባም አለ፣ ሐኪም አማክሩ። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሞምባሳ የሚበር ስላለ በናይሮቢ አታንከራትቻቸው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ ነገርኳት። አልቅሳ ስታበቃ ተነሥታ ዳቦ ቆሎ ልታዘጋጅ ገባች። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስም አጥባ ደፍታዋለች፤ የባሕሩን ውኃ ለማኅበርተኞቿ ልታመጣ ነው። ይፈቀዳል?

ዲያኒን የወደደች፦
በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፉም። ክዳኑን በፕላስተር አሽጊና ፎጣ ጠቅልለሽ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው። በፌስታል እንዳትጠቀልይው፤ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ክልክል ነው። ስትሄዱም ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት ያድርጉት።