እንጀራው ከሚሻግት እንግዳው ቢጠብቅ አይሻልም ወይ?

የልደታዋ እናት፦
በየቤታችን ምግብ የሚደፋው «እንግዳ ቢመጣስ?» እያልን አትርፈን ስለምንሠራ ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

ከራሴ ቤት ልነሳ። አራት ሰዎች ነን። በሳምንት ሁለቴ ይጋገራል፤ በአንድ ጊዜ 25 እንጀራ። ባለፈው ወር የጣልነውን ሁሉ በልጄ ደብተር ላይ ጻፍኩት። 23 እንጀራ፣ ሁለት ድስት የሚሞላ ሽሮና ምስር፣ የበሰበሰ ቲማቲም ደግሞ 6 ኪሎ ገደማ። ስጽፈው እጄ ከበደኝ። አያቴ መሬት የወደቀ ቁራሽ አንስታ፣ ስማ ነበር ከፍ ያለ ቦታ የምታስቀምጠው። እኔ ሙሉ እንጀራ በፌስታል ቋጥሬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች አስረክባለሁ።

የእኔ ቤት ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት አለ። በ2022 በዓለም ላይ ከተጣለው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ ነው ይላል።

የጨርቆስ ልጅ፦
እህቴ፣ አልስማማም። «እንግዳ ቢመጣስ?» ባይባል ኖሮ እኔ ብዙ ቀን ጦሜን አድር ነበር።

እናቴ የቀን ሥራ ውላ የምትመጣው ከመሸ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ውስጥ የሚቀመስ አልነበረም። አጠገባችን ያሉት እናት ግን ሁሌም አትርፈው ነበር የሚሠሩት። «ና ግባ፣ ቅመስ» ይሉኛል። ለማን ብለው እንዳተረፉ አንድም ቀን ነግረውኝ አያውቁም። አሁን ሳስበው ለእኔ ነበር። ያንን ልማድ ብክነት ብለሽ ስትጠሪው ያመኛል።

የዓለሙን ቁጥርም በሁሉም ቤት አትጫኚው። የእኛ ድስት ተልሶ ነበር የሚታጠበው።

የልደታዋ እናት፦
ወንድሜ፣ የነገርከኝ ልቤ ገብቷል። እኚያን እናት እግዚአብሔር ይባርካቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእሳቸው በር ክፍት ነበር አይደል? እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሬ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። ፊት ለፊቴ ያሉትን ሰዎች ስም እንኳ ያወቅኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እንግዳም ቢሆን ደውሎ ነው የሚመጣው። አትርፎ መሥራቱ አብሮን መጣ፤ የሚበላው ጎረቤት ግን ሰፈር ቀረ። እኔን የቸገረኝ ይኼ ነው።

በሰው ቤት የሠራሁ፦
ሁላችሁም ስለ እንግዳ ታወራላችሁ። እኔ ስድስት ዓመት በሰው ቤት አብስያለሁ። ምግቡን የሚያስተርፈው እንግዳ አይደለም። የቤቱ ሰው ነው።

ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ይሄዳል። ምሳ ማን እንደሚመጣ ማንም አይነግረኝም። ለአምስት ሰው እሠራለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ጋሼ ደውለው «ውጭ በልቻለሁ» ይላሉ። ልጆቹ በርገር በልተው ይገባሉ። እትዬ ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ ከአንድ ድስት ወጥ ጋር እቀራለሁ።

ቀንሼ ብሠራስ? አንድ ቀን ቀንሼ ነበር። ሁሉም መጡ፣ ጎደለ። ያን ቀን የሰማሁትን ስድብ እስካሁን አልረሳውም። ሲተርፍ ግን ማንም ተናግሮኝ አያውቅም። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጣላችሁ?

ነርሷ፦
ከላይ የጻፍሽው እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ይህንን ቀድሞ ማሰብ ነበረብን።

እኔ ስለጤናው ልናገር፤ ብዙ ሰው «አይጣል» ሲባል የተበላሸውንም መብላት ይመስለዋል። እንጀራ ላይ ያለውን ሻጋታ ፍቆ መብላት አይበቃም። እንጀራ እርጥብና ለስላሳ ነው፤ ሻጋታው ዓይን የማያየው ሥር ወደ ውስጥ ይሰዳል። አንዱ ሲሻግት ላዩና ሥሩ ያሉትንም በደንብ እዩ። የበሰለ ወጥም ምድጃ ላይ አይደር። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ፣ በሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ፤ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስታሞቁ ደግሞ ለብ ማድረግ ሳይሆን ማፍላት ነው።

ለየኔ ቢጤ እንስጥ የምትሉም አላችሁ። ስጡ። ግን ሦስት ቀን ያደረውን፣ እናንተ የፈራችሁትን አይደለም። ከሆቴል ተራርፎ፣ ተደባልቆ ለጎዳና ልጆች በርካሽ የሚሸጠውን ቡሌ በልተው ታመው የመጡ ልጆች አይቻለሁ። የሚሰጥ ሰው ትኩሱን፣ በዕለቱ ይስጥ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኛ እዚህ አሜሪካ እንጀራ ከሀበሻ ሱቅ በፓኮ እንገዛለን። ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ ይደርቅና ይቆራረሳል። ፍሪዘር ግን ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃውን ሁለት ሁለቱን ጠቅልዬ፣ አየር እንዳይገባ አስሬ አስቀምጣለሁ። ስፈልግ እርጥብ ሶፍት ላዩ ላይ ጣል አድርጌ ማይክሮዌቭ። ይህን ከጀመርኩ ወዲህ እንጀራ አልጥልም።

የምንጥለው ሌላውን ነው። ወተቱን፣ እርጎውን፣ ዳቦውን። ማሸጊያው ላይ ያለው ቀን ሲያልፍ መርዝ የሆነ ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ከሕፃናት ዱቄት ወተት በቀር አብዛኛው ቀን የጣዕም ግምት ነው። ማሽተት፣ ማየት ይቻላል።

የአካባቢ ሳይንስ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ በምክር ብቻ የሚለወጥ አይመስለኝም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2005 የምግብ ትርፍራፊ መሬት ውስጥ እንዳይቀበር ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቤተሰብ በጣለው ልክ እንዲከፍል አደረገች። እኛ የቆሻሻ ክፍያ የምንከፍለው ከውሃ ቢል ጋር ነው። ብዙ የደፋም ያልደፋም ልዩነት የለውም። ለምን ተመዝኖ አይከፈልም?

የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን አትርሱ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነገር ነው።

የጨርቆስ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። ግን አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ገንዳ የሚጠቀምበት ሰፈር ላይ የማንን ትመዝናለህ? ክፍያ ከበዛ ደግሞ ማታ ወንዝ ውስጥ ይደፋል። ዛሬም የሚደፋ አለ። ቆሼ ላይ የሞቱት ድሆች ናቸው። መጀመሪያ የሚቀጣውም ድሃው እንዳይሆን እፈራለሁ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ቤት ብዙ የሚጣለው ሐሙስ ማታ የተሠራ የፍስክ ወጥ ነው። ዓርብ ጾም፤ አይነካም። ቅዳሜ ሲወጣ ሸቷል። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የፍስክ ድስት አልጥድም። ይኼው ነው። ሌላው ድርቆሽ ነው። እንጀራው በሁለተኛው ቀን ገና ሳይሻግት ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በደንብ ከደረቀ ወራት ይቆያል፤ ለፍርፍር ይሆናል። አራተኛው ቀን ላይ «ድርቆሽ እናድርገው» ማለት ዋጋ የለውም።

የልደታዋ እናት፦
ሁለት ሳምንት ሞክሬ ነው የተመለስኩት። ጥያቄዬን ስከፍት ጥፋቱን በሙሉ እንግዳ ላይ ጥዬ ነበር። በሰው ቤት የሠራችው እህቴ ያለችውን አንብቤ ግን ደብተሬን እንደገና አየሁት። የደፋሁት ወጥ አብዛኛው ባለቤቴና ልጆቼ ለምሳ ያልመጡበት ቀን ነው። የእኔ ድርሻም አለበት፤ ሳልናገር የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ማታ ማታ «ነገ ምሳ ማን ቤት ይበላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ማዕድ ቤት በር ላይ እንለጥፋለን። የምታግዘንን ልጅም በወረቀቱ መሠረት ሠርተሽ ቢጎድል ተጠያቂዎቹ እኛ ነን አልኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ጋገራውም ወደ 18 ወርዷል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የጣልነው ሦስት እንጀራ ነው።

የጨርቆስ ልጅ፦
ደስ ብሎኛል። ያም ሆኖ ከ18ቱ ውስጥ ድንገት ለሚያንኳኳ የታሰበ አለ ወይ?

የልደታዋ እናት፦
ሁለት አለ። ሁለቱን እስማማለሁ። ትናንት ማታ ማንም አላንኳኳም፤ ትኩስ ሳለ ከሽሮ ጋር ይዤ የፊት ለፊቱን በር እኔው አንኳኳሁ። ሴትየዋ ከፍተው ትንሽ ቆመው አዩኝና «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ዛሬ ሳህኔን ሲመልሱ ጎመን አድርገውበት ነበር።