«1 ወር ጠብቅ» ሲባል ሶፍትዌሩ ስንት ቀን ይጠብቃል?

የጂሟ ሒሳብ ተቀባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጂም ምዝገባና ክፍያ ላይ እሠራለሁ። ደንበኛ ሲመዘገብ ስሙን ወደ ሶፍትዌሩ አስገባለሁ፤ ሶፍትዌሩ 1 ወር ጠብቆ «የወር ክፍያዎ አብቅቷል» የሚል መልእክት ይልካል። ደረሰኝ የምቆርጠው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ጥር 21፣ 22 እና 23 ለተመዘገቡት ሁሉ መልእክቱ በአንድ ጊዜ ደረሳቸው። ጋሼ የምንላቸው አንድ ደንበኛ የጥር 23ቱን ደረሰኝ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው በጣታቸው ቆጠሩና «ልጄ፣ ሁለት ቀኔን ማን ወሰደው?» አሉኝ። ምን ልመልስ? በዚያው በየካቲት 21 የተመዘገበች ልጅ ደግሞ መጋቢት 19 ደረሳት። 28 ቀን! በሦስት የተለያየ ቀን የገቡ ሰዎች እንዴት በአንድ ቀን ይወጣሉ?

ኮድ ጸሐፊው፦
የእርስዎ ሶፍትዌር ቀን አይቆጥርም፤ የፈረንጆቹን ወር አንድ ከፍ ያደርግና የቀኑን ቁጥር እንዳለ ይተወዋል። ጥር 21፣ 22 እና 23 ጃንዋሪ 29፣ 30 እና 31 ነበሩ። 2025 ላይ ፌብሩዋሪ በ28 ስላለቀ ሦስቱንም ወደ 28 ሰበሰባቸው። ፌብሩዋሪ 28 የገባችው ልጅም ማርች 28 ወጣች።

ሁሉም እንዲህ አይሠራም። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ቢጨምሩ በዚያ ዓመት ማርች 3 ላይ ያርፋል፤ ትርፉን ቀን ወደሚቀጥለው ወር ያፈሰዋል። ወርን 720 ሰዓት አድርገው የሚቆጥሩም አሉ። የባሰው አንዱ የወር ቆይታ ከሌላው ተከታትሎ ሲመጣ ነው፦ ከ31 ወደ 28 የወረደ ደንበኛ በሚቀጥለው ወርም 28 ላይ ነው የሚወጣው፤ የቀድሞ ቀኑን የሚያስታውስለት የለም።

ኮርስ ሻጯ፦
እህቴ፣ ሰዓቱንም እዪው። ብዙ ሰርቨሮች (ሶፍትዌሩ የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች) ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሠራሉ። የእኔ ተማሪ ማርች 1 ከሌሊቱ 8 ሰዓት በስልኳ ተመዘገበች፤ ለሰርቨሩ ገና ፌብሩዋሪ 28 ነበር። ኤፕሪል 1 ይደርሳታል ያልኩት ማሳሰቢያ ማርች 29 ሌሊት ቀሰቀሳት። ቅያሜዋ እስካሁን አልወጣላትም።

የጂሟ ሒሳብ ተቀባይ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «1 ወር» የሚለውን አጥፍቼ «30 ቀን» አልኩት፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ለጊዜው ልክ መጣ። ከዚያ ነሐሴ ገባ። ነሐሴ 10 የተመዘገበ ሰው መስከረም 10 ይጠብቃል፤ 30 ቀን ግን በጳጉሜን በኩል ስለሚያልፍ መስከረም 5 ላይ ይጥለዋል። አሁን የሚያበቃበትን ቀን እኔው በእኛ አቆጣጠር አስልቼ፣ ወደ ፈረንጆቹ ለውጬ አስገባለሁ፤ ሶፍትዌሩም «እስከዚህ ቀን ጠብቅ» በሚለው ይሄዳል። ሥራ ጨምሮብኛል፣ ጭቅጭቅ ግን ቀርቷል።

ጳጉሜን በማን ሒሳብ ትገባለች የሚለውን ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። «ደመወዝ እንኳን የማይታሰብባትን እኛ ምን አድርገን እናስከፍላለን?» ብለው ለደንበኛው መረቁለት።